ኮዱ ከመጀመሩ በፊት፦ የሶፍትዌር ንድፍን ጽፎ መስማማት እንዴት ይሠራል?

አንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የወር ክፍያቸውን በሞባይል ገንዘብ እንዲከፍሉ የሚያስችል ሥርዓት አዘዘ እንበል። ሁለት ፕሮግራመሮች ሥራውን ተካፈሉት። አንደኛዋ በዳታቤዙ ውስጥ «ክፍያ» የሚል ቴብል (ሠንጠረዥ) ከፈተች፤ እያንዳንዱ ተማሪ በየወሩ ሊከፍል የሚገባውን ገንዘብ አስገባችበት። ሁለተኛውም በበኩሉ «ክፍያ» የሚል ነገር ሠራ፤ የእሱ ግን ወላጁ በእርግጥ የላከው ገንዘብ ነው። በአማርኛ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሊከፈል የሚገባውም፣ የተከፈለውም «ክፍያ» ይባላልና። አንድ ወር ተኩል ለየብቻ ሲሠሩ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ሥራቸው የተገናኘ ዕለት ግን ያልከፈለው ተማሪ ከፍሏል ተብሎ ይታያል፤ ግማሹን የከፈለው የት እንደገባ አይታወቅም።

ይህን ለማረም ቴብሎቹን መለየት፣ የገባውን ዳታ ማዛወር፣ በሁለቱም በኩል የተጻፉትን ቴስቶች፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሹ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ መቀየር ያስፈልጋል። የብዙ ቀን ሥራ ነው። ነገሩ አስቀድሞ በተጻፈ ባለ 3 ገጽ ሰነድ ላይ ቢታይ ኖሮ መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ «ሊከፈል የሚገባውን ‹ዕዳ›፣ ወላጁ የላከውን ‹ክፍያ› እንለዋለን።» የንድፍ ሰነድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አለመግባባቱን እሱ አይፈጥረውም፤ ቀድሞም በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሰነዱ የሚያደርገው፣ ማስተካከያው አንድ ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ብቻ በሆነበት ሰዓት ጎትቶ ማውጣት ነው።

መቼ ይጻፋል?

ለሁሉም ሥራ ሰነድ መጻፍ ሥራ ማጓተት ነው። የቁልፍ ቀለም ለመቀየር፣ ፊደል ለማረም፣ ሪፖርት ላይ አንድ ዓምድ ለመጨመር የሚጻፍ ነገር የለም፤ ሄዶ መሥራት ነው። ሥራው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚወስድ ከሆነ ወይም ከአንድ ቲም በላይ የሚነካ ከሆነ መጻፉ ያዋጣል። ከሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ግን ውሳኔውን በኋላ መመለስ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው ነው። ኮድ ይቀየራል። ዳታ የተቀመጠበት ቅርጽ ግን ሚሊዮን መስመር ከገባበት በኋላ በቀላሉ አይቀየርም። ሌሎች ድርጅቶች መጥራት የጀመሩት ኤፒአይም፣ ማለትም የእነሱ ፕሮግራም ከእኛው ጋር የሚነጋገርበት በርም፣ እንደዚያው ነው፤ እኛ ስንቀይረው የእነሱ ሥርዓት ይሰበራል። ለሰው የሚሰጥ መለያ ቁጥርም እዚህ ውስጥ ይገባል፦ የተማሪ መለያ ባለ 4 አኃዝ ይሁን ተብሎ ከ0001 ከተጀመረ፣ 10,000ኛው ተማሪ ሲመዘገብ ቦታ የለም። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ በደረሰኝ፣ በመታወቂያ፣ በባንክ ማስታወሻ ላይ ታትሟል። ገንዘብንና የሰውን የግል መረጃ የሚነካ ነገር ደግሞ ትንሽ ቢመስልም ይጻፋል።

ምን ይገባበታል?

ለአብዛኛው ሥራ ከ2 እስከ 6 ገጽ ይበቃል። 30 ገጽ የሆነ ሰነድ ማንም አያነበውም፤ ማንም ያላነበበው ሰነድ ላይ ደግሞ ማንም አልተስማማም።

ራስጌው ላይ የጸሐፊው ስም፣ ቀን፣ ሰነዱ ያለበት ደረጃ ይጻፋል፦ ረቂቅ፣ በውይይት ላይ፣ የጸደቀ፣ የተተካ። አስተያየት የሚሰጡት ሰዎችና ውሳኔውን የሚሰጠው አንድ ሰው በስም ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ችግሩ በአንድ አንቀጽ ይነገራል፤ ሥራውን የማያውቅ የሌላ ቲም ሰው አንብቦ ሊገባው ይገባል። ከዚያ ግቡ ይመጣል።

ከግቡ በታች የሚጻፈውን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል፤ እሱም የማንሠራው ነገር ዝርዝር ነው። በትምህርት ቤቱ ምሳሌ፦ «በዚህ ዙር ገንዘብ መመለስን አንሠራም፤ ተመላሽ በካሸሯ በኩል በእጅ ይፈጸማል። አንድ ወላጅ ለሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ መክፈልን አንሠራም። ከውጭ አገር በካርድ መክፈልን አንሠራም።» እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ሥራውን ካዘዘው ሰው ጋር የሚደረገውን ጭቅጭቅ ከማስረከቢያው ቀን ወደ መጀመሪያው ሳምንት ያመጡታል። ምናልባት ርእሰ መምህሩ «እንዴ! ግማሾቹ ወላጆች እኮ ሁለት ሦስት ልጅ አላቸው» ይላሉ። ይህንን መስማት የሚሻለው ዛሬ ነው።

የንድፉ ዋና ክፍል ሥርዓቱ ከምን ከምን እንደተሠራ፣ ዳታው በምን ቅርጽ እንደሚቀመጥ፣ ጥያቄ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። አንድ ሥዕል እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል፤ አራት ማዕዘንና ቀስት ይበቃል። ኮድ መለጠፍ ግን አያስፈልግም፤ የቴብሎቹ ዓምዶችና የኤፒአዩ ጥያቄና መልስ ሲቀሩ።

ያልተመረጡትም አማራጮች ይጻፋሉ። ቢያንስ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው ለምን እንደተተዉ በሁለት ሦስት መስመር። ጸሐፊው አማራጭ ማቅረብ ካቃተው ገና አላሰበበትም ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የተቀጠረ ሰው «ለምን እንዲህ አላደረጋችሁትም?» ሲል መልሱ እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ማንም ሊቃወመው የማይችል ዓረፍተ ነገር ንድፍ አይደለም። «ሥርዓቱ ፈጣንና አስተማማኝ ይሆናል» ቢባል ሁሉም ይስማማል፤ ግን በምን ላይ ተስማሙ? «የዕዳ ገጹ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል፤ በወር መጨረሻ በደቂቃ 200 ክፍያ ይቀበላል» ሲባል ግን አንዱ ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል ይላል። ውይይት የሚባለው ያ ነው።

መልሱ መንገድ ላይ ቢጠፋስ?

ብዙ ረቂቆች ሁሉም ነገር በሰላም ሲሄድ የሚሆነውን ብቻ ይጽፋሉ። ሥርዓት የሚወድቀው ደግሞ በሰላም በማይሄድበት ቀን ነው። አንዱን ጠጋ ብለን እንየው።

ወላጁ ስልኩ ላይ «ክፈል» የሚለውን ይነካል። ጥያቄው ወደ ትምህርት ቤቱ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ይሄዳል። ገንዘቡ ከሒሳቡ ይወጣል። መልሱ ሲመለስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ወላጁ የሚያየው የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው። 30 ሰከንድ ይጠብቅና ደግሞ ይነካዋል። አሁን ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው።

ጥሩ ሰነድ ይህችን ደቂቃ በቃላት ይፈታታል። ገጹ ገና ሲከፈት፣ ወላጁ ምንም ሳይነካ፣ መተግበሪያው አንድ የማይደገም ቁጥር ያወጣል። ሁለቱም ንክኪዎች ያንኑ ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። ሰርቨሩ ቁጥሩን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ ክፍያ አይከፍትም፤ የመጀመሪያው ያለበትን ደረጃ ይመልሳል። እንዲህ ከተሠራ አሥር ጊዜ ቢነካም ውጤቱ አንድ ነው።

ቀጥሎ የክፍያው ደረጃዎች ይዘረዘራሉ፦ ተጀመረ፣ ተረጋገጠ፣ ከሸፈ። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት መልስ ሳይመጣ ሲቀር «ከሸፈ» ብሎ መመዝገብ ነው። የመልስ መቅረት ገንዘቡ አለመውጣቱን አያሳይም፤ የሚያሳየው እኛ አለማወቃችንን ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያው «ተጀመረ» ላይ ይቆያል። ወደ «ተረጋገጠ» የሚያሻግረውም ማን እንደሆነ ይጻፋል፦ አገልግሎቱ ለሰርቨራችን የሚልከው፣ ዲጂታል ፊርማው የተረጋገጠ ማሳወቂያ፣ ወይም እኛው ጠይቀን ያገኘነው መልስ። ስልኩ «ተሳክቷል» ስላለ ብቻ አይመዘገብም፤ በስልኩ ላይ ያለውን መተግበሪያ ሰው ሊነካካው ይችላል።

ማሳወቂያው ራሱ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ላኪው «ደርሶኛል» መባልን ካልሰማ ደግሞ ይልካልና። መከላከያው በዳታቤዙ ውስጥ የአገልግሎቱ የግብይት ቁጥር የሚቀመጥበት ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ማድረግ ነው። በኮድ ውስጥ «ይህ ቁጥር ከዚህ በፊት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱ ማሳወቂያዎች እኩል ከደረሱ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ያልፋሉ። ማሳወቂያው ጨርሶ ካልመጣስ? ከ10 ደቂቃ በላይ «ተጀመረ» ላይ ስለቆዩት ክፍያዎች በየ5 ደቂቃው አገልግሎቱን የሚጠይቅ፣ በራሱ የሚነሣ ሥራ ይኖራል፤ 24 ሰዓት ያለፈው ለካሸሯ ዝርዝር ይተላለፋል። 10፣ 5፣ 24 የሚሉት ለክርክር የቀረቡ ቁጥሮች ናቸው። ግን ቁጥር ሆነው ስለተጻፉ መከራከር ይቻላል።

ገንዘቡም በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል፦ 1,250 ብር ከ50 ሳንቲም 125,050 ተብሎ። በነጥብ ተንሳፋፊ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒዩተር ክፍልፋይን በግምት በሚይዝበት ዓይነት፣ ከተቀመጠ ኮምፒዩተሩ 0.1 እና 0.2 ደምሮ 0.30000000000000004 ይሰጣል፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ኦዲተር የሚጠይቃት ሳንቲም ከዚህ ትመጣለች።

የወር መጨረሻ መቼ ነው?

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሥርዓት ይህ ክፍል የግድ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ «በየወሩ 30ኛው ቀን ድረስ ይከፈል» ይላል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 በሚውልበት ዓመት፣ መስከረም 30 ኦክቶበር 10 ነው። ፕሮግራመሩ በቋንቋው ውስጥ ባለው መሣሪያ አንድ ወር ሲጨምር ኖቬምበር 10 ያገኛል፤ እሱ ግን ኅዳር 1 ነው። ጥቅምት 30 ኖቬምበር 9 ነበር። በታኅሣሥ ደግሞ ልዩነቱ ሁለት ቀን ይሆናል፦ ጃንዋሪ 10 ጥር 2 ነው። ማንም ሳያስተውለው ቅጣት የሚጀምርበት ቀን ይንሸራተታል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ሆና ስትመጣም «ወር» ተብላ ዕዳ ይቆረጥባት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሥርዓቱ 13ኛ ወር ሊያስከፍል ይችላል።

ሰዓቱም አለ። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሠራ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። ጥቅምት 1 ከሌሊቱ 7 ሰዓት የከፈለ ወላጅ በሰርቨሩ ዘንድ ገና በመስከረም 30 ነው። ሰነዱ እንዲህ ሊል ይችላል፦ የተፈጸመበት ቅጽበት በዓለም አቀፍ ሰዓት ይቀመጣል፤ የዕዳ ቀነ ገደብ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ይቀመጣል፤ ንጽጽሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ይደረጋል። «ማታ 6 ሰዓት» የሚለውም 18፡00 ነው ወይስ እኩለ ሌሊት፣ በግልጽ ይጻፋል።

የስም ፍለጋም ከዚሁ ይመደባል። ካሸሯ «ኃይሉ» ብላ ስትፈልግ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ተብለው የተመዘገቡት ይመጡ ይሆን? ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ፊደላት ፈጽሞ የተለያዩ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ስሙን እንደተጻፈ ትቶ፣ ድምፀ አንድ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሁለተኛ ዓምድ ለፍለጋ ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ግን ዳታ ከመግባቱ በፊት ቢወሰን ይቀላል።

መስማማቱ

ሰነዱ ከ3 እስከ 5 ሰዎች ይላካል፦ ኮዱን የሚጽፉት፣ ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው፣ የሚያዋስኑት ቲሞች ተወካይ፣ አንድ የደኅንነት ነገር የሚያውቅ። 3 ወይም 4 የሥራ ቀን ለንባብ ይሰጣል። አስተያየቶች በጽሑፍ ይገባሉ፤ ሰጪውም ዓይነቱን ይናገራል፦ ጥያቄ ነው፣ የግል ምርጫ ነው፣ ወይስ ይህ ሳይፈታ አይቀጠልም የሚያሰኝ ተቃውሞ? ይህ ካልተለየ የዓምድ ስም ላይ ያለ ምርጫና ገንዘብ የሚያስጠፋ ቀዳዳ እኩል ሰዓት ይበላሉ። እንዲያውም የዓምዱ ስም ያሸንፋል፤ ስለ ስም ሁሉም አስተያየት አለውና።

በአገራችን ቢሮዎች አንድ ትልቅ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። አለቃው ወይም አንጋፋው ፕሮግራመር ሐሳቡን አስቀድሞ ከተናገረ ቀሪው ራሱን ይነቀንቃል። ስብሰባው በስምምነት ይጠናቀቃል፤ ተቃውሞው ኮሪደር ላይ ይወራል። ስለዚህ የጽሑፍ አስተያየት ከስብሰባ ይቀድማል፤ ጀማሪዎቹ መጀመሪያ ይጽፋሉ፣ አንጋፋው መጨረሻ ይናገራል። ዝምታም ስምምነት ተብሎ አይቆጠርም፤ እያንዳንዱ አንባቢ «አንብቤዋለሁ፣ እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም፣ ምክንያቱም» ብሎ ይጽፋል። ውይይቱ በአማርኛ፣ ሰነዱ በእንግሊዝኛ በሚሆንበት ቢሮ ደግሞ ከላይ እንዳየነው እንደ «ክፍያ» ያሉ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ፍቺያቸው በሰነዱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ።

ስብሰባ ካስፈለገ የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 ደቂቃዎች በዝምታ ማንበብ ይጠቅማል። አማዞን ባለ 6 ገጽ ጽሑፎቹን በስብሰባው መጀመሪያ ላይ በዝምታ የሚያስነብበው ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል ብሎ መተማመን ስለማይቻል ነው። ከዚያ በኋላ የሚወራው ገና ያልተፈታው ብቻ ይሁን።

ሁሉም እስኪስማማ መጠበቅ ግን አይቻልም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ለውጦች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሑፍ እየቀረቡ ሲወሰኑ ኖረዋል፤ የመጨረሻው ቃል የፈጣሪው የጊዶ ቫን ሮሰም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ አዲስ የአጻጻፍ ምልክት የያዘ 572ኛው ሐሳብ ላይ ክርክሩ እጅግ መረረ፤ ሐሳቡን ካጸደቀ በኋላ በሐምሌ ከዚያ ኃላፊነት መልቀቁን አስታወቀ። ማኅበረሰቡ ከዚያ በኋላ 5 አባላት ያሉት መሪ ጉባኤ መረጠ። ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ሳይሆን በጽሑፍ ላይ መቆም አለበት።

ይህ ልማድ ራሱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የኢንተርኔት ቅድመ አያት የሆነው አርፓኔት ሲሠራ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1969 ስቲቭ ክሮከር የመጀመሪያውን «አስተያየት ይሰጥበት» የሚል ማስታወሻ ጻፈ። የኢንተርኔት ደንቦች ዛሬም በዚያው ተከታታይ ቁጥር ይወጣሉ። ከእነርሱ 2119ኛው፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ «የግድ ነው»፣ «ይመከራል»፣ «ይቻላል» የሚሉት ቃላት በሰነድ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ይወስናል። በአማርኛም ይህን መለየት ይገባል፤ «ይደረጋል» ብቻ ከተባለ ግዴታ ይሁን ምኞት አይታወቅም።

ሰነዱ እያለ የሚበላሸው

ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኰራኩር ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ማርስ ስትደርስ ጠፋች። በምድር ላይ የነበረው አንዱ ሶፍትዌር የሞተሮቹን ግፊት በፓውንድ-ሰከንድ ያወጣ ነበር፤ ተቀባዩ የሚጠብቀው ኒውተን-ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። የሚያሳዝነው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ፋይል የሚደነግገው ሰነድ ኒውተን-ሰከንድ ይል ነበር። ተስማምተው ነበር፤ ኮዱ ስምምነቱን መጠበቁን ግን በወቅቱ ያረጋገጠ አልነበረም። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ የድንበር ስምምነት፣ ማለትም መለኪያ፣ ቅርጽ፣ የሚፈቀድ መጠን፣ ወደ ቴስት ይለወጣል። «ገንዘቡ በሳንቲም ነው» ከተባለ፣ 125,050 ተልኮ ደረሰኙ 1,250.50 ብር ማለቱን የሚፈትሽ ቴስት ይጻፋል።

አሪያን 5 ሮኬትም ጁን 4 ቀን 1996 ከተነሣች 40 ሰከንድ ሳይሞላት ጠፋች። ከአሪያን 4 የተወረሰ ኮድ ባለ 64 ቢት ቁጥርን ወደ ባለ 16 ቢት ሊቀይር ሞከረ፤ የኋለኛው ከ32,767 በላይ አይዝም። ለአሮጌዋ ሮኬት ያ ግምት ልክ ነበር። አዲሷ ግን ፈጥና የምትበር ናት። ከሌላ ፕሮጀክት ኮድ ሲወሰድ «ይህ ኮድ ምን ግምት ላይ ቆሟል?» የሚል አንድ አንቀጽ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ኮዱ ካለቀ በኋላ ለወጉ ያህል ሰነድ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ አስተያየት መጠየቅ አንባቢውን መናቅ ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ ማንም የማያውቀውን ነገር በወረቀት ላይ ለሳምንታት የሚገምቱ አሉ። የክፍያ አገልግሎቱ መልስ በስንት ሰከንድ ይመጣል? ይህን ክርክር አይፈታውም። 2 ቀን ወስዶ በመሞከሪያ አካባቢው ላይ ትንሽ ኮድ መጻፍ፣ መለካት፣ ቁጥሩን ወደ ሰነዱ ማስገባት፣ ኮዱንም መጣል ይሻላል።

ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ አጭር መዝገብ ከኮዱ ጋር በአንድ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ማኅደር ውስጥ በተራ ቁጥር ይቀመጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የሶፍትዌር ባለሙያው ማይክል ናይጋርድ ያቀረበው ቅርጽ ለዚህ ይመቻል፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ ምን ተወሰነ፣ ምን ያስከትላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የቆየ መዝገብ አይታረምም፤ ሐሳብ ሲቀየር አዲስ ይጻፍና አሮጌው ላይ «በ0012 ተተክቷል» ይባላል።

ኮዱ ሲጀመር በጣም ከሚያሰጋው ይጀመራል። በምሳሌያችን የመግቢያ ገጹ ሳይሆን ያቺ መልሷ የጠፋባት ክፍያ ትቅደም፤ አገልግሎቱ ሁኔታውን ሲጠየቅ በእርግጥ ይመልስ እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈተሽ። ካልመለሰ የ5 ደቂቃው ሥራ ዋጋ የለውም፤ ንድፉም ይቀየራል። በዚያው ዕለት ሰነዱ ላይ ይጻፍና ያጸደቁት ሰዎች እንዲያውቁት ይደረጋል።